ማሳሰቢያ፦ ቀን ያዘለ መለያ ቁጥር ለሚያወጡ ሶፍትዌር ሠሪዎች

የደረሰኝ፣ የመዝገብ ወይም የማመልከቻ ቁጥር አንዴ ታትሞ ባለጉዳዩ እጅ ከገባ ተመልሶ አይታረምም። ስለዚህ ቁጥሩ ቀን የሚይዝ ከሆነ አጻጻፉን ሥራው ሳይጀመር ይወስኑ።

ያድርጉ

• ዓመቱን በ4 አሃዝ፣ ቀጥሎ ወሩን፣ ከዚያም ቀኑን በ2 በ2 አሃዝ ይጻፉ፤ ለምሳሌ 20240911። እንዲህ ከሆነ በቁጥር የተደረደረው ሁሉ በጊዜም ይደረደራል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የአይኤስኦ 8601 ደረጃም የሚከተለው ይህንኑ ነው።

• አንድ አቆጣጠር መርጠው በሰነድ ያስፍሩ። 2017-01-01 መስከረም 1 ቢባልም ያስኬዳል፣ ጃንዋሪ 1 ቢባልም ያስኬዳል፤ በመካከላቸው ግን ከ7 ዓመት በላይ አለ። ሲስተሙ ከውጭ ሲስተሞች ጋር የሚነጋገር ከሆነ ለመለያው የጎርጎርዮሱን ይያዙ፤ የኢትዮጵያውን ቀን ለባለጉዳዩ ለብቻው ያትሙለት።

• የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከመረጡ 13ኛ ወር እንዳለ፣ ጳጉሜንም በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን እንደምትሆን ለፕሮግራሙ ያሳውቁ።

• የማን ሰዓት እንደሚሠራ ይወስኑ። ሰርቨሩ በዩቲሲ የሚቆጥር ከሆነ ኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ትቀድመዋለች፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የሚቆረጥ ደረሰኝ የትናንቱን ቀን ይዞ ይወጣል።

• ተራ ቁጥሩ እንደገና ከ1 የሚጀምረው መስከረም 1 ይሁን ወይስ የበጀት ዓመቱ በሚገባበት ሐምሌ 1፣ ከሒሳብ ክፍሉ ጋር ይስማሙ።

አያድርጉ

• ለጎርጎርዮስ በተሠራ የዳታቤዝ የቀን ቦታ ላይ የኢትዮጵያን ቀን አያስገቡ። ጥቅምት 30 ሲገባ ኮምፒውተሩ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ጥቅምት 12 ግን ምንም ሳይል ያልፋል። የሚያስፈራው ያለፈው ነው።

• ዓመቱን በ2 አሃዝ አያሳጥሩ፤ 17-05-12 ሲባል የትኛው ዓመት፣ የትኛው ቀን እንደሆነ አይለይም።

• እዝባርና ሁለት ነጥብ አይጠቀሙ፤ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበላቸውም።

• ቀንና ሰዓት ብቻውን መለያ ይሆናል ብለው አይተማመኑ። ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች በአንድ ሰከንድ ደረሰኝ ሊቆርጡ ስለሚችሉ ተራ ቁጥር ይጨምሩበት።

• የሰውን የልደት ቀን በመለያ ውስጥ አይክተቱ፤ ወረቀቱን ያየ ሁሉ ያነበዋል።

• ሪፖርት ለማውጣት ቀኑን ከመለያው ቆርጠው አይውሰዱ፤ የተመዘገበበትን ቀን በራሱ ቦታ ያስቀምጡ።

እስካሁን በተደባለቀ አቆጣጠር የወጣ ቁጥር ካለ እንዳለ ይተዉት። አዲሱ አሠራር የሚጀምርበትን ቀን ቆርጠው፣ ከዚያ በኋላ በሚወጡት ቁጥሮች ፊት መለያ ፊደል ያኑሩ።