«ተንሳፋፊው የመማሪያ ክፍል» ዛሬም ያስፈራል?

ጥያቄ፦ የጁንጂ ኢቶን አስፈሪ ማንጋዎች እወዳለሁ። ጓደኞቼ የካዙኦ ኡሜዙን «ተንሳፋፊው የመማሪያ ክፍል» አንብብ ይሉኛል። ሥራው የቆየ ስለሆነ ጊዜው አልፎበት ይሆን?

መልስ፦ አላለፈበትም፤ ያንብቡት። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1974 በተከታታይ የወጣው ይህ ማንጋ፣ አንድ የጃፓን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከነተማሪዎቹና ከነመምህራኑ ድንገት ተሰውሮ፣ ምድር በረሃ በሆነችበት የወደፊት ዘመን ላይ ሲወድቅ ያሳያል።

እርግጥ ነው፣ ዕድሜው የሚታይበት ቦታ አለ። ልጆቹ በየገጹ አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ፤ ሰውነታቸው ደረቅ ተደርጎ ተሥሏል፤ አንዱ መዓት ሳያልቅ ሌላው ይደረባል። የኢቶን ረቂቅ መስመር የለመደ ዓይን መጀመሪያ ላይ ይቸገራል።

ፍርሃቱ ግን አላረጀም፤ ምክንያቱም የሚመነጨው ከጭራቅ ይልቅ ከአዋቂዎች ነው። ልጆቹን ሊጠብቁ የሚገባቸው መምህራን አእምሯቸውን ይስታሉ። ምሳ አመላላሹ ሴኪያ ደግሞ ምግቡን በጉልበት ይይዝባቸዋል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪው ሾ እና ጓደኞቹ ራሳቸው ሕግ አውጥተው፣ ውሃና ምግብ አካፍለው ለመኖር ይታገላሉ። አዋቂዎች ያበላሹትን ምድር ልጆች መውረሳቸው የዛሬ አንባቢን ይበልጥ ያስደነግጣል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚነካኝ የሾ እናት ናት። የልጇን ድምፅ ከዘመን ማዶ ሰምታ፣ ወደፊት እንዲያገኘው ብላ በሆቴል ክፍል ግድግዳ ውስጥ ቢላዋ ትደብቅለታለች። ሰው እንደ እብድ ቢቆጥራትም አትመለስም።

ኢቶ ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ የኡሜዙ አንባቢ ነበር፤ ስለዚህ የሚወዱትን ደራሲ ሥር እዚህ ያገኙታል። ጩኸቱን ታግሠው የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ይለፉ፤ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ማስቀመጥ ይከብድዎታል።