አንድ ወንበር፣ አራት ፕላስቲኮች

ወንበር ስንል በአእምሯችን የሚመጣው አራት እግር ያለው ዕቃ ነው። አናጢው መቀመጫውን፣ መደገፊያውንና እግሮቹን ለየብቻ ሠርቶ በኮላና በምስማር ያገናኛቸዋል። ዴንማርካዊው የንድፍ ባለሙያ ቬርነር ፓንቶን ግን የኋላ እግር የሌለው፣ መገጣጠሚያ የሌለበት፣ ከአንድ ወጥ ፕላስቲክ የተሠራ ወንበር አሰበ። ከጎኑ ሲታይ የላቲኑን ኤስ ፊደል ይመስላል። ይህ ወንበር ዛሬ የዘመናዊ ቤት ዕቃ ንድፍ ምልክት ከሚባሉት አንዱ ነው። ነገር ግን ቅርጹን ማሰብ አንድ ነገር ሆኖ፣ ሰው ተማምኖ የሚቀመጥበት ወንበር ማድረግ ሌላ ነገር ሆነ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ክብደቱ የት ያርፋል?

ክብደቱ 80 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ እንበል። ወደ ታች የሚጫነው ኃይል 800 ኒውተን ያህል ነው። ባለ አራት እግር ወንበር ላይ ይህ ኃይል ለአራት ይከፈላል፤ እኩል ቢካፈል እያንዳንዱ እግር 200 ኒውተን ብቻ ይሸከማል።

በፓንቶን ወንበር ግን መቀመጫው ከኋላ የሚደግፈው ነገር የለም። ክብደቱ ሁሉ የሚተላለፈው ከጉልበታችን በታች ባለው የፊት መታጠፊያ በኩል ነው። የሰውየው ክብደት ከመታጠፊያው 25 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ ያርፋል ብንል፣ በመታጠፊያው ላይ የሚፈጠረው የማጉበጥ ሞመንት 800 × 0.25 = 200 ኒውተን ሜትር ይሆናል። የመታጠፊያው የውጭ ገጽ ይለጠጣል፤ የውስጡ ገጽ ይጨመቃል። ስንጥቅ የሚጀምረውም በአብዛኛው በሚለጠጠው ገጽ ላይ ነው።

ታዲያ ፕላስቲኩን ማወፈር አይበቃም? ውፍረቱ በእጥፍ ሲጨምር ለመጉበጥ ያለው እንቢታ 8 እጥፍ ያድጋል። ይሁን እንጂ ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃውን ያከብደዋል፤ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ከሆነም ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ገጹ ይሰረጉዳል፣ የማምረቻው ጊዜም ይረዝማል።

አራቱ ምርጫዎች

ቪትራ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ወንበሩን በተከታታይ ማምረት የጀመረው በ1967 ነው። የመጀመሪያው ቁስ በመስታወት ጭረት የተጠናከረ ፖሊስተር ወይም ፋይበርግላስ ነበር። ጠንካራ ቢሆንም ብዙ የእጅ ሥራ ይጠይቃል። በ1968 ጠጣር የፖሊዩሬቴን አረፋ ተተካ። ይህም ከቅርጽ ማውጫው ከወጣ በኋላ መሞረድና መቀባት ነበረበት።

ሁለቱም ቴርሞሴት ከሚባለው ወገን ናቸው። እንቁላል አንዴ ከተቀቀለ ተመልሶ ፈሳሽ እንደማይሆን ሁሉ፣ እነርሱም አንዴ ከጠነከሩ አይቀልጡም። ቴርሞፕላስቲክ ግን እንደ ቅቤ ነው፤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ስለዚህ ቀለሙ አስቀድሞ የተደባለቀበትን ቅልጥ በከፍተኛ ግፊት ወደ ብረት ቅርጽ ማውጫ ማስገባትና ያለቀለት ወንበር ማውጣት ይቻላል።

በ1971 ወንበሩ ሉራን ኤስ ከተባለ ቴርሞፕላስቲክ በዚህ ዘዴ መመረት ጀመረ። ቁሱን ለመቆጠብ ግድግዳው ቀጠነ፤ መታጠፊያውም ከሥሩ በተሠሩ የጎድን አጥንት መሰል ድጋፎች ተጠናከረ። ችግሩ የተፈታ መሰለ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ወንበሮቹ ያረጁና ይሰበሩ ጀመር፤ በ1979 ምርቱ ቆመ።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። አንድ ቁስ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን ክብደት መሸከሙ በቂ ማረጋገጫ አይደለም። ብርሃንና ኦክስጅን የፖሊመሩን ረጃጅም ሰንሰለቶች ቀስ በቀስ ይቆራርጣሉ። ሰው በተቀመጠና በተነሣ ቁጥር ደግሞ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ጥቂት በጥቂት ያድጋሉ። ይህ ሁለተኛው ክስተት የቁስ ድካም ይባላል።

በ1983 ወንበሩ እንደገና በፖሊዩሬቴን አረፋ መሠራት ጀመረ። በ1999 ደግሞ ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራው ረከስ ያለ ዓይነት ወጣ። ፖሊፕሮፒሊን ከፊሉ ሥርዓት ባለው ክሪስታል፣ ከፊሉ ሥርዓት በሌለው አደረጃጀት የተሠራ በመሆኑ ድካምን በሚገባ ይቋቋማል። ብዙ ጊዜ ተከፍቶ የሚዘጋው የሻምፖ ክዳን ማጠፊያ በአብዛኛው የሚሠራው ከእርሱ ነው። የራሱ ድክመትም አለው፤ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ለመቋቋም ተጨማሪ ኬሚካሎች ይፈልጋል። ፓንቶን በ1998 ስላረፈ ይህ ወንበር ገበያ ላይ ሲውል አላየም።

ከ1967 እስከ 1999 ባሉት 32 ዓመታት የወንበሩ አጠቃላይ መልክ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው ቁሱ፣ ውፍረቱና አሠራሩ ነው። ጥንካሬ፣ የማምረቻ ቀላልነት፣ ዋጋና ዕድሜ አብረው ካልተመዘኑ፣ ያማረ ቅርጽ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ለአንባቢ የተሰጠ ሥራ

በየካፌውና በየድንኳኑ ከምናያቸው የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን ገልብጣችሁ ተመልከቱ። ጠርዞቹ ለምን ወደ ታች ታጠፉ? ከሥሩ ያሉት ድጋፎች የት የት ተደረጉ? ወንበሩ ተሰንጥቆ ከሆነስ ስንጥቁ ከየት ጀመረ? ጠፍጣፋ ወረቀትና ጠርዙ የታጠፈ ወረቀት በጣታችሁ ይዛችሁ ብታወዳድሩ የመጀመሪያውን መልስ ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።