የባከነ ሰዓት፦ የእግር ኳስ ጊዜ ለምን አያስማማንም?

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሲድኒ ኦሊምፒክ አሰላ ያፈራችው አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ የ10,000 ሜትሩን ውድድር በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ሲፈጽም፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ተከትሎት ገብቷል። ልዩነቱ 9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቢሆንም ውጤቱ ያለ ክርክር ጸንቷል። በአንጻሩ በእግር ኳስ ሜዳ ዳኛው 4 ደቂቃ ሲጨምሩ አንደኛው ቡድን “8 መሆን ነበረበት”፣ ሌላኛው ደግሞ “2 ይበቃ ነበር” ይላል። በሁለቱም ስፖርቶች የሚለካው ያው ጊዜ ነው። ታዲያ አንዱ የሚያስማማን ሌላው የሚያጣላን ለምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከልኬት ሳይንስ አንጻር ለማብራራት ይሞክራል።

ሕጉ ምን ይላል?

የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 7 እንደሚደነግገው አንድ ጨዋታ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሚፈጁ ሁለት አጋማሾች አሉት። በተጫዋች ቅያሪ፣ በጉዳት፣ በካርድ፣ በደስታ አገላለጽ፣ በቪዲዮ ምርመራና ሆን ተብሎ በሚደረግ መዘግየት የጠፋው ጊዜ መካካስ አለበት። መጠኑን የሚወስኑት የመሃል ዳኛው ብቻ ናቸው። አራተኛው ዳኛ በሰሌዳ የሚያሳዩት ቁጥር ዝቅተኛውን መጠን የሚያመለክት ስለሆነ ሊጨመርበት እንጂ ሊቀነስለት አይችልም።

ሆኖም ኳስ ከሜዳ በወጣች ቁጥር የሚያልፈው ጊዜ ሁሉ አይካካስም። መዘግየቱ ከልክ ያለፈ ካልሆነ በቀር የእጅ ውርወራና የመልስ ምት የጨዋታው ተፈጥሯዊ አካል ተደርገው ይወሰዳሉ። በዚህም ምክንያት በታላላቅ ሊጎች ሳይቀር ኳስ በእርግጥ በጨዋታ ላይ የምትቆየው ከ55 እስከ 60 ደቂቃ ለሚሆን ጊዜ ነው። “ከልክ ያለፈ” የሚባለው ስንት ሰከንድ ሲሞላ ነው? ሕጉ በአብዛኛው ይህን ለዳኛው ግምት ትቶታል።

ስሕተቱ ከሰዓቱ ነውን?

በቀን 1 ሰከንድ የሚያዛንፍ የኳርትዝ ሰዓት በ45 ደቂቃ ውስጥ የሚያዛንፈው 3 መቶኛ ሰከንድ ገደማ ነው። የዳኛው ጣት የሰዓቱን ቁልፍ ለመጫን የሚዘገየው ደግሞ 2 ዐሥረኛ ሰከንድ ያህል ነው። እነዚህ ተደምረው በደቂቃዎች የሚቆጠረውን ክርክር ሊያስነሡ አይችሉም። ስለዚህ ጉድለቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከሚለካው ነገር ትርጓሜ ነው። በሩጫ የጊዜው መነሻ የማስጀመሪያው ተኩስ፣ መድረሻውም የሯጩ ደረት መስመሩን የሚነካበት ቅጽበት መሆኑ አስቀድሞ ተወስኗል። “የባከነ ሰዓት” ግን እንዲህ ያለ ግልጽ መነሻና መድረሻ የለውም።

የልኬት ስሕተት በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሥርዓታዊ ስሕተት ሲሆን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላል። ሁለተኛው ዘፈቀዳዊ ስሕተት ነው፤ በእያንዳንዱ ልኬት ይለዋወጣል። በሮቤ ገበያ ስንዴ የሚመዝን ሚዛን በየኩንታሉ 1 ኪሎ የሚያጎድል ቢሆን ሁሉንም ሻጭ እኩል ይጎዳል፤ ጉድለቱ ከታወቀ ግን በቀላሉ ይታረማል። ለአንዱ ሻጭ 1 ኪሎ፣ ለሌላው 5 ኪሎ የሚያጎድል ሚዛን ግን አይታረምም፤ መጣል አለበት። ዳኞች በሙሉ በጥቂቱ የሚጨምሩ ከሆነ የመጀመሪያውን ሚዛን ይመስላሉ። አንዱ ዳኛ 2፣ ሌላው 9 ደቂቃ ለተመሳሳይ መዘግየት የሚሰጡ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ሚዛን ይሆናሉ። የደጋፊን እምነት የሚያሳጣውም ይኸኛው ነው።

ሰዓት ማባከን ለምን ያዋጣል?

አንድ ቡድን ያባከነውን ጊዜ “ብ”፣ ዳኛው ከዚያ ውስጥ የሚመልሱትን ድርሻ “መ” ብንለው፣

ትርፍ = ብ × (1 − መ)

ይሆናል። በ1 ለ 0 የሚመራ ቡድን ግብ ጠባቂ 10 የመልስ ምቶችን እያንዳንዳቸውን በ20 ሰከንድ ቢያዘገይ 200 ሰከንድ ማለትም 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያባክናል። ዳኛው 60 ሰከንድ ብቻ ከመለሱ “መ” 0.3 ስለሆነ ቡድኑ 140 ሰከንድ ያተርፋል። ሁሉንም ከመለሱ ግን “መ” 1 ይሆንና የጊዜ ትርፉ ዜሮ ይሆናል። እንግዲህ ሰዓት ማባከን የጠባይ ጉድለት ብቻ ሳይሆን “መ” ከ1 በማነሱ የሚመጣ ስሌት መሆኑን እንረዳለን።

የ“መ” ከዳኛ ዳኛ መለያየት ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ባለፈው ሳምንት የታለፈውን መዘግየት ዛሬ በቢጫ ካርድ የቀጡ ዳኛ ሕጉን አክብረው ሳለ “አድልተዋል” ተብለው ይሰደባሉ፤ አልፎም ድንጋይ ይወረወርባቸዋል። ወጥነት የጎደለው ልኬት በመጨረሻ የሚጎዳው ሕጉን ያከበረውን ተጫዋችና ሕጉን ያስከበሩትን ዳኛ ነው።

ከዓለም መድረክ ሁለት ምሳሌዎች

እ.ኤ.አ. በ2022 በኳታር የዓለም ዋንጫ ዳኞች የጠፋውን ጊዜ በጥንቃቄ እንዲመልሱ ታዘው ስለነበር፣ በእንግሊዝና በኢራን ጨዋታ በሁለቱ አጋማሾች ተደምሮ 27 ደቂቃ ያህል ተጨምሯል። ትርጓሜው ሲጠብቅ ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ ይህ ያሳያል።

በተቃራኒው ጥር 12 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በካሜሩን ሊምቤ ከተማ ቱኒዚያና ማሊ ባደረጉት የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ ዛምቢያዊው ዳኛ ጃኒ ሲካዝዌ መጀመሪያ በ85ኛው፣ በኋላም 90ኛው ደቂቃ ሳይሞላ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፍተዋል። ማሊ 1 ለ 0 ያሸነፈችበት ውጤት ጸንቷል። ዳኛው ከባድ ሙቀት ሕመም አድርሶባቸው እንደነበር ኋላ ተናግረዋል። አንድን ልኬት በአንድ ሰው ላይ ብቻ መጣል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

ዓይን፣ ባንዲራና ቪዲዮ

ጊዜን የመለካት ችግር ከጨዋታ ውጪ በሚባለው ውሳኔም ላይ ይታያል። አጥቂው በሰከንድ 7 ሜትር ወደ ግብ ሲሮጥ ተከላካዩ በሰከንድ 5 ሜትር ወደ መሃል ቢወጣ፣ ንጽጽራዊ ፍጥነታቸው በሰከንድ 12 ሜትር ነው። ረዳት ዳኛው ዓይናቸውን ኳሱን ከሚያቀብለው ተጫዋች ወደ አጥቂው ለማዞር 0.1 ሰከንድ ቢወስድባቸው ሁለቱ ተጫዋቾች በ1.2 ሜትር ተላልፈዋል። በሰከንድ 50 ምስል የሚያነሣ ካሜራ እንኳ በሁለት ምስሎች መካከል 24 ሳንቲ ሜትር ያመልጠዋል።

ሰኔ 11 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ቶሉካ ጣሊያንና እስራኤል 0 ለ 0 በተለያዩበት የዓለም ዋንጫ ጨዋታ፣ ኢትዮጵያዊው ሥዩም ታረቀኝ በመስመር ዳኝነት የጣሊያኖችን ግብ ከጨዋታ ውጪ ነው ብለው ባንዲራቸውን ሲያነሡ የያዙት መሣሪያ ዓይናቸው ብቻ ነበር። ከ52 ዓመት በኋላ በ2022 የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሴኔጋልና ቡርኪና ፋሶን የዳኙት ኢትዮጵያዊው ባምላክ ተሰማ ግን በመጀመሪያው አጋማሽ የሰጧቸውን ሁለት የፍጹም ቅጣት ምቶች በቪዲዮ ተመልክተው ሽረዋል። በፊዚክስ ቋንቋ ይህ ልኬትን መድገም ይባላል፤ ስሕተትን ይቀንሳል። ሆኖም መድገሙ ራሱ ጊዜ ይወስዳልና ያም ጊዜ በትክክል መመለስ ይኖርበታል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በቆመ ቁጥር ሰዓቱም ይቆማል፤ ስለዚህ ማዘግየት የጊዜ ትርፍ አያስገኝም። የእግር ኳስ ሕግ አውጪው ዓለም አቀፍ ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2017 ሰዓቱ እየቆመ ሁለት የ30 ደቂቃ አጋማሾች የሚካሄዱበትን ሐሳብ ለውይይት አቅርቦ ነበር። ከ2025/26 የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ ኳስን በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ የያዘ ግብ ጠባቂ የማዕዘን ምት ያስቀጣል፤ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች በእጃቸው ምልክት ይቆጥራሉ። ቀድሞ የነበረው የ6 ሰከንድ ገደብ እምብዛም ተግባራዊ ሳይሆን የኖረው ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ስላልተመጣጠነና ቆጠራው ለሌላው ስለማይታይ ነበር።

ቪዲዮ በሌለበት ሜዳ ግን ከሁሉ በፊት የሚቻለው ቀላል ነገር ነው፦ የሚካካሱትን ክስተቶች ከጨዋታው በፊት ለሁለቱም ቡድኖች ማሳወቅ፣ አራተኛው ዳኛ ለእነዚህ ብቻ የሚሠራ ሁለተኛ ሰዓት እንዲይዙ ማድረግ፣ የተመዘገበውንም ከጨዋታው በኋላ ይፋ ማውጣት ነው።

ተግባራዊ ሙከራ

በሮቤም ሆነ በአሰላ የምትገኙ ተማሪዎች ይህን በራሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ። አምስት ሆናችሁ በመጀመሪያው አጋማሽ እያንዳንዳችሁ ሳትመካከሩ የባከነውን ጊዜ በግምት መዝግቡ። ለሁለተኛው አጋማሽ የሚካካሱትን ክስተቶች ዘርዝራችሁ ተስማሙና በስልካችሁ ሰዓት ለኩ። ከዚያም በየአጋማሹ አማካዩን፣ እንዲሁም በትልቁና በትንሹ ውጤት መካከል ያለውን ልዩነት አስሉ። ልዩነቱ በሁለተኛው አጋማሽ ከጠበበ፣ ሰዓታችሁ ሳይለወጥ ልኬታችሁን ያሻሻለው የተስማማችሁበት ትርጓሜ መሆኑን ታረጋግጣላችሁ። ውጤታችሁን ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን በደስታ እንቀበላለን።