ለንግድ ሥራ የሚሆን የመገናኛ ሬዲዮ አመራረጥና ፈቃዱ

በጅቡቲ ከተማ በካርቲየ 3 መጋዘን ያለው ነጋዴ ዕቃው ከዶራሌ ወደብ ወጥቶ እስኪራገፍ ድረስ ከሠራተኞቹ ጋር በመገናኛ ሬዲዮ ለመነጋገር ቢፈልግ፥ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ስለ ሬዲዮው ዋጋ ሳይሆን ስለሚነጋገርበት ሞገድ ነው።

ሞገድ እንደ አየር የሁሉ ቢመስልም በየአገሩ መንግሥት የሚታደል ሀብት ነው። በኢትዮጵያ ይህን የሚቈጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፥ የእርሱ ፈቃድ ከጋላፊ ኬላ ወዲያ አያገለግልም፤ በጅቡቲ ለሚሠራበት ሬዲዮ የጅቡቲ መንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ሬዲዮም «ያለ ፈቃድ የሚሠራ» ተብሎ ቢጻፍበት፥ ቃሉ የሚጸናው በመጣበት አገር ብቻ ነው።

ስለ አመራረጡም፥ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ በሜዳና በባሕር ላይ ርቆ ይሄዳል፤ ከ400 እስከ 470 ያለው ግን በግንብና በኮንቴይነር መካከል ይሻላል። ቤቶቹ ለተጠጋጉበት ሰፈር የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው። ሻጮች የሚናገሩት ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ምንም በማይከልለው ስፍራ የተለካ ስለሆነ፥ ከመግዛት በፊት በሥራው ቦታ መሞከር ይበጃል።

በወደብ ከተማ ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ሌላ ነው። በ156.8 ሜጋኸርዝ የሚገኘው 16ኛው የባሕር መሥመር በዓለም ሁሉ መርከበኞች የጭንቅ ጥሪ የሚያሰሙበት ነው። አንዳንድ ርካሽ ሬዲዮዎች በዚሁ ሞገድ ጭምር ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ፥ ስለ ስኳር ጆንያ የሚነጋገሩ ሁለት ሠራተኞች ሳያውቁት የሚሰምጥ ሰው ድምፅ ሊሸፍኑ ይችላሉ። ስለዚህ ሬዲዮው ለሠራተኛ ከመታደሉ በፊት በተፈቀደለት ሞገድ ብቻ እንዲሠራ በባለሙያ መዘጋጀት አለበት።