ላጲሱን አስቀምጪው

ዞር አትበይ፣ ጻፊ፤ ከኋላሽ ቆሜ አያለሁ። ቦሌ አራብሳ ፀሐይ ሲመታሽ እንደዋለ ፊትሽ ይናገራል፤ ቢሆንም ይህን የሌቭሊንግ ደብተር ሳንጨርስ አትተኚም። ነገ በዚህ ቁጥር የፍሳሽ መስመር ይቆፈራል።

መጀመሪያ ላጲሱን አስቀምጪው። የተሳሳተ ንባብ በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል እንጂ አይጠፋም። እኔ በጀማሪነቴ አንድ ቁጥር አጥፍቼ በግምት ሞላሁት፤ የሙሉ ቀን ሥራ ደግሜያለሁ።

ቤንችማርኩን 100.000 ብለሽ ተነስተሻል። ባክሳይቱ 1.425 ነው፤ ደምሪው፣ የመሣሪያሽ ከፍታ 101.425 ይሆናል። ሌቭሉ ከቦታው እስኪነሳ ድረስ የምታነቢው ሁሉ ከዚህ ይቀነሳል። የስታፉ ንባብ ሲበዛ መሬቱ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ጀማሪን የምታምታታው ይቺ ናት። ማንሆሉ ላይ 1.860 አነበብሽ፣ ከፍታው 99.565። ቀጥሎ 2.115፣ 99.310። ፎርሳይት 2.340፣ 99.085። እዚህ ሌቭሉን አሻገርሽው፤ ስታፍ ያዡ ግን ከነጥቡ አልተነቃነቀም አይደል? በቦሌ በኩል የሚበዛው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲረገጥ ይሰምጣል፤ መሸጋገሪያ ነጥብሽን ሁልጊዜ የማይነቃነቅ ድንጋይ ላይ አድርጊው። አዲሱ ባክሳይት 1.105፣ የመሣሪያው ከፍታ 100.190፤ የመጨረሻው ፎርሳይት 1.730፣ 98.460።

አሁን ፈትሺው። ባክሳይቶቹ ሲደመሩ 2.530፣ ፎርሳይቶቹ 4.070፤ ልዩነታቸው 1.540። ከ100.000 ወደ 98.460 የወረድሽውም 1.540 ነው። ገጠመ።

ቆይ፣ ደብተሩን አትዝጊው! ይህ ፍተሻ የሚመሰክረው ስለ ባክሳይትና ፎርሳይት ስሌትሽ ብቻ ነው። ንባባቸውን ራሱን ተሳስተሽ ከሆነ የሚያጋልጥሽ ተመልሰሽ ቤንችማርኩ ላይ ስትዘጊ ነው። ማንሆሉ ግን የመካከል ንባብ ስለሆነ በሁለቱም ውስጥ የለበትም። 8 እና 6 ቦታ ተቀያይረውብሽ 1.680 ብለሽ ጽፈሽው ቢሆን ድምሩ ያው ይገጥም ነበር፤ ማንሆሉ ግን በ18 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በ100 ሜትር 1 ሜትር ለምትወርድ ቱቦ 18 ሳንቲሜትር የ18 ሜትር ጉዞ ቁልቁለት ነው። ፍሳሹ አልወርድ ሲል የሚመለሰው ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ በምትኖር እናት ቤት ነው። እሷ ደብተርሽን አታየውም፤ ሽታውን ግን በየቀኑ ታገኘዋለች።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነጥብ ላይ በሌቭሉ መነጽር ውስጥ የሚታዩትን ሦስቱንም ፀጉሮች አንብቢ። የላይኛው 1.980፣ የታችኛው 1.740 ከሆነ አማካያቸው 1.860 ነው፤ ከመሃለኛው ጋር ከተስማማ ተማመኚበት። ልዩነታቸው በ100 ሲባዛ ርቀቱንም ይሰጥሻል፣ 24 ሜትር። ወደፊትና ወደኋላ ያለውን ርቀት ማመጣጠኑንም አትርሺ፤ ሌቭሉ ራሱ ትንሽ ቢዛባ እንኳ ስህተቱ ይጣፋል።

ደብተርሽ ላይ ግን የማንሆሉ የመሃል ፀጉር ብቻ ነው የተጻፈው። ነገ ቆፋሪዎቹ ሳይደርሱ ቀድመሽ ሂጂና ደግመሽ አንብቢው፣ እህትዓለም።