የላሟ ጋዝ በምን ሚዛን ይለካል?

ቡና ገዢ ሚዛን ላይ የወጣውን ኩንታል በዓይኑ ያያል። የካርቦን ገዢ ግን የሚያየው ወረቀት ብቻ ነው። ከእርሻና ከከብት እርባታ የሚወጣው የግሪንሀውስ ጋዝ ቀነሰ ተብሎ ለገበያ የሚቀርበው ቶን በማንም መጋዘን ውስጥ አይገኝም፤ በስሌት የተገኘ ቁጥር ነው። በመሆኑም ወደዚህ ንግድ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብትም ሆነ ደላላ ከዋጋው በፊት ስሌቱን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

የሚያመሰኩ እንስሳት የበሉት ሣርና ገለባ በሆዳቸው ውስጥ ሲብላላ ሚቴን የተባለ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ በአብዛኛው የሚወጣው በግሳት፣ በአፍ በኩል ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚገምተው በኋላ በኩል አይደለም። በትክክል ለመለካት እንስሳዋን የሚገባውና የሚወጣው አየር በሚመረመርበት ዝግ ክፍል ውስጥ ማቆየት ያስፈልጋል። የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም እንዲህ ያለውን ክፍል ናይሮቢ ውስጥ ሠርቷል። ይሁንና የኢትዮጵያን በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ከብቶች በዚህ መንገድ መለካት የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ የተለመደው መንገድ ግምት ነው። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል ለየአህጉሩ የተዘጋጀ ቁጥር አለው፤ ስሌቱም የከብቱን ብዛት በዚያ ቁጥር ማባዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የፓነሉ መመሪያ ለአንዲት የአፍሪካ የወተት ላም በዓመት 36 ኪሎ ሚቴን ሲመድብ፣ የ2006ቱ 46 ኪሎ አድርጎታል። ሚቴኑን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመነዝረው ቁጥርም እንዲሁ ተለዋውጧል፤ በ1995 ሪፖርት 21 የነበረው በ2013 ሪፖርት 28 ሆኗል። ይህም ማለት በቀድሞው ስሌት በዓመት 756 ኪሎ የነበረባት ላም በኋለኛው 1,288 ኪሎ ይጻፍባታል። ላሟ ያው ላም ናት።

ተንኮል የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ከወተት ላም ውጭ ላሉ የአፍሪካ ከብቶች የ1996ቱ መመሪያ 32 ኪሎ፣ የ2006ቱ ደግሞ 31 ኪሎ ይላል። አንድ ፕሮጀክት መነሻውን በፊተኛው፣ ውጤቱን በኋለኛው ቢያሰላ ምንም ሳይሠራ በአንድ ሚሊዮን ከብት 28 ሺህ ቶን "ቅናሽ" በወረቀት ላይ ያገኛል። ገዢ መነሻውና ውጤቱ በአንድ መመሪያ መሠራታቸውን ማረጋገጥ አለበት።

የማዳበሪያው ስሌትም ያው ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጂን አለው፤ ከዚህ ውስጥ 1 በመቶው ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል ተብሎ ይወሰዳል። በ265 ሲመነዘር ወደ 190 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጋል። የ2019ኙ ማሻሻያ ግን እርጥብ አገርን 1.6፣ ደረቅ አገርን 0.5 በመቶ ብሎ ለይቷል፤ የማሳው ቦታ ካልተጠቀሰ ሒሳቡ ሙሉ አይደለም።

ለአርቢው ትልቁ ችግር ሌላ ነው። በተዘጋጀው ቁጥር የሚያሰላ ሰው ቅናሽ ሊያሳይ የሚችለው ከብቱን በመቀነስ ብቻ ነው። መኖ ያሻሻለ፣ ፋጉሎና ፉርሽካ የጨመረ አርቢ ድካሙ በሒሳቡ ላይ አይታይለትም። እንዲታይለት ወደ ሁለተኛው ደረጃ ስሌት መሄድ አለበት፤ በዚህ ስሌት የላሟ ክብደት፣ የወተቷ መጠንና የመኖው ጥራት ይመዘገባል፣ ከምትበላው ጉልበትም 6.5 በመቶ ያህሉ ሚቴን ይሆናል ተብሎ ይሰላል። ምዝገባው ሠራተኛና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚሸሸውም ለዚህ ይመስላል።

በደንብ የተቀለበች ላም ብዙ ስለምትበላ በራስ ሲቆጠር ጋዟ ይጨምራል። ለምሳሌ ያህል በዓመት 300 ሊትር የምትሰጥ ላም 46 ኪሎ ሚቴን ብታወጣ ለአንድ ሊትር ወተት 4.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይደርሳል። 3,000 ሊትር የምትሰጠው 80 ኪሎ ብታወጣ ግን ለሊትር 0.75 ኪሎ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ በራስ፣ ሁለተኛዋ በሊትር ታሸንፋለች። ውሉ በየትኛው እንደሚቆጥር በግልጽ ካልተጻፈ ሻጩም ገዢውም በክፍያ ቀን መጣላታቸው አይቀርም።