ሕፃንንም ነቀርሳ ይይዘዋል

ነቀርሳ ወይም ካንሰር የትልቅ ሰው በሽታ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ሕፃንንም ይይዛል። አይጋባም። ቡዳም እርግማንም አይደለም። በሀብታም አገሮች ነቀርሳ ከያዛቸው 100 ሕፃናት ከ80 በላይ ይድናሉ። በድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 ያንሳሉ። አንዱ ምክንያት በሽታው ዘግይቶ መታወቁ ነው።

የሚዘገየው ወላጅ ብቻ አይደለም። በጤና ኬላ የምትሠራው እኅታችን በየቀኑ የምታየው ወባ፣ ሳልና ተቅማጥ ነው። የሕፃን ነቀርሳ ለዓመታት ላይገጥማት ይችላል። ሲገጥማትም ሌላ በሽታ ይመስላታል። እንሰታችሁን አጠውልግ ሲይዘው ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ የግብርና ሠራተኛው አይደለም። በልጅም እንዲሁ ነው።

በ1950 ዓ.ም. ገደማ ዴኒስ በርኪት የሚባል ሐኪም በኡጋንዳ መንጋጋቸው ያበጠ ብዙ ሕፃናት አየ። ነቀርሳ ነበር። ይህ ዓይነቱ ወባ በሚበዛበት አገር ይታያል። በከፋም ወባ ያለበት ቆላ አለ። እብጠቱ የጥርስ ሕመም ይመስላል። ጥርሱ ይነቀላል፤ እብጠቱ ግን አይጎድልም፤ እንዲያውም በጥቂት ቀን እጥፍ ይሆናል። በጊዜ ከተደረሰበት ይህ ነቀርሳ በመድኃኒት ይድናል። ልጁን የሚጎዳው ጥርስ ሲነቀል የሚባክነው ሳምንት ነው።

የዓይንም አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ብሌኑ እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ ያበራል። ወይም ዓይኑ ይንሸዋረራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ይይዛል። መጀመሪያ ላይ አያመውም፤ ስለዚህ ሰው ዝም ይላል። ዓይኑ ወደ ውጭ ከተገፋ በኋላ ነፍሱንም ማትረፍ ይከብዳል።

እናት ልጇን ስታጥብ ሆዱ ላይ ጠጣር እብጠት ካገኘች ለወጌሻ አትስጠው። መታሸቱ ይጎዳዋል። የማይለቅ ትኩሳት፣ መገርጣት፣ ነስር፣ ሳይመታ የሚበልዝ ቆዳም ምልክት ነው።

ጤና ኬላ ስትሄዱ መቼ እንደጀመረው፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ፣ እብጠቱ አድጎ እንደሆነ ተናገሩ። ካልተሻለው ተመለሱ። «ሌላ በሽታ ይሆን እንዴ? ሪፈር ይጻፉልኝ» ማለት ባለሙያን መናቅ አይደለም። ቦንጋ ገብረጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ። የሕፃናት ነቀርሳ ሕክምና በጅማና በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ይሰጣል። መድኃኒቱ ወራት ይፈጃል። እብጠቱ ጠፋ፣ ቡናው ደረሰ ተብሎ አይቋረጥም።